ከጓሮዋ የምትታይ ከተማ

እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑ ይጠረጋል፣ ሶፋው ዳንቴሉን ይለብሳል፣ የምርቃቱ ፎቶ አቧራው ይራገፍለታል። እንግዳው ቡናውን ጠጥቶ ሲወጣ ስለ ቤቱ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ባለቤቶቹ እንዲያውቅ የፈቀዱለትን ብቻ ነው። ልብሱ የተሰጣበትን፣ ድስቱ የተደፋበትን፣ ማን ማንን እንደሚያበላ የሚታወቅበትን ጓሮ አላየም። ከተሞችም እንዲሁ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ደግሞ ይብሳሉ፤ ምክንያቱም የተማረ ሰው ሳሎኑን ማሳመር ይችልበታል፤ በየግድግዳው የእብነ በረድ ጽሑፍ፣ በየአደባባዩ ካባ የለበሰ ሐውልት ያቆማል። ስለዚህ የቆየ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ከተማ ማየት የፈለገ ሰው በዋናው በር ሳይሆን በወንዙ በኩል ይግባ እላለሁ፤ ያውም ሞተር በሌለው፣ በዘንግ በሚገፋ ጀልባ። ምስክሬ ቱቢንገን ናት። ሃይደልበርግ ለምን አልሆነችም የሚለኝ ይኖራል። እሷም የኔካር ወንዝ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም በ1386 የተመሠረተ ታላቅ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን እዚያ ወንዙ ሰፊ፣ ጀልባው ትልቅ ነው፤ ፍርስራሹ ግንብ ሳይቀር ለፎቶ የተቀመጠ ይመስላል። ያ ሳሎን ነው፤ እኔ የያዝኩት የጓሮ ጉዳይ ነው።

ቱቢንገን ከሽቱትጋርት በስተደቡብ ያለች ወደ 90 ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ከነዋሪዋ ተማሪው እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አላት ከማለት ዩኒቨርሲቲው ከተማ አለው ማለት ይቀላል። ዩኒቨርሲቲውን ያቋቋመው በ1477 ጢማሙ ኤበርሃርድ የሚባለው የቩርተምበርግ ገዥ ነው። ጀልባዋን በአገሩ ሽቶኸርካን ይሏታል፤ ርዝመቷ ከአሥር ሜትር የሚያልፍ፣ ወርዷ የጠበበ፣ ታቿ ጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባ ናት። ገፊው ከኋላ ጫፏ ላይ ቆሞ ሰባት ሜትር ያህል የሚረዝም ዘንግ ወደ ወንዙ ወለል ይሰድና ይገፋል፤ ያው ዘንግ መሪዋም ነው። ተሳፋሪው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት እየተያየ፣ ጀርባውን ለጀልባዋ ጎን ሰጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ቦታ አመራረጥ ያስፈልጋል። ጀልባዋ የምትሄደው በወንዙ መካከል ያለውን ረጅምና ቀጭን ደሴት እየዞረች ስለሆነ፣ በአንደኛው ረድፍ የተቀመጠ ሰው ዙሩን በሙሉ የሚያየው ያንኑ ደሴት ነው። ደሴቱ የሚያማምሩ ትልልቅ የፕላታን ዛፎች አሉት፤ ቢሆንም ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ዛፍና የባልንጀራን ፊት ብቻ ማየት ያስቆጫል። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነች ይመስለኛል፣ ማንም አስቀድሞ አይነግርህም፤ በራስህ ምርምር እንድትደርስበት ይተውሃል።

ከትክክለኛው ረድፍ ለተቀመጠ ሰው የሚታየው ቢጫ፣ ሮዝና አረንጓዴ የተቀቡ፣ ጣሪያቸው የሾለ፣ ተደጋግፈው የቆሙ ቤቶች ረድፍ ነው። ፖስትካርዱ ይህን የከተማዋ ፊት አድርጎ ይሸጠዋል፤ በእውነቱ ግን ጀርባዋ ነው። ወንዙ ዳር የነበረው የመካከለኛው ዘመን የከተማ ቅጥር ነው፤ ቤቶቹም በዚያ ቅጥር ላይ ተንተርሰው ነው የተሠሩት። የገበያው አደባባይ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሁሉ ወደ ውስጥ ያያሉ። ወደ ወንዙ የተተወው መጋዘኑ፣ የአትክልት ቦታውና የኪራይ ክፍሉ ነበር። እንግዲህ ይህ ረድፍ ስለ ትምህርት ምን ይነግረናል? ዕውቀት በአዳራሽ ውስጥ ሲከበር እንጂ ሲሠራ እንደማይታይ ይነግረናል። ሲሠራ የሚታየው እንጀራ በሚገኝበት በኩል ነው።

ከቤቶቹ ሁሉ ይልቅ ካሜራ የሚያነጣጥርበት ወንዙ ዳር ያለው ቢጫ ክብ ግንብ ነው፤ ገጣሚው ፍሪድሪኽ ሆልደርሊን ከ1807 እስከ 1843፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖረበት። የታሪኩ ሳሎን የሚያወራው ስለ ታላቅ ባለቅኔና ስለ እብደቱ ነው። ጓሮው የሚያወራው ስለ ኤርንስት ሲመር ነው። ሲመር አናጢ ነው፤ ግንቡም የቤቱ አካል ነበር። ሆልደርሊን አእምሮው ታውኮ በጊዜው ስመ ጥር በነበረው ፕሮፌሰር አውተንሪት ክሊኒክ ለወራት ከታከመ በኋላ፣ ሐኪሞቹ የማይድን ነው፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ይኖራል ብለው አሰናበቱት። ክሊኒኩ ያለው ቡርሳ በሚባለው የጥንት የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነበር፤ ከግንቡ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ነው። አናጢው የሰውዬውን ልብ ወለድ አንብቦ ወዶት ስለነበር ቤቱ ወሰደው። ልብ በሉ፤ ፕሮፌሰሩ በሽተኛውን ሲያነብ አናጢው መጽሐፉን አንብቦ ነበር። ሾርባ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ወንዙን የሚያሳይ መስኮት ሰጡት፤ ሲመር ሲሞትም ልጁ ሎተ አስታመመችው። ሦስት ዓመት የተባለው ሰው ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖረ። ሕክምናውን ማጣጣሌ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ስለ አእምሮ ሕመም የሚታወቀው ትንሽ ነበር። የምለው ቡርሳን ከመንገድ በኩል ያየ ሰው ከፊት ለፊቱ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ያያል፤ ከወንዙ ያየ ሰው ግን ክሊኒኩንና የአናጢውን ቤት ጎን ለጎን አይቶ ማን ምን እንዳደረገ ራሱ ያመዛዝናል ነው። ለታማኝነት ያህል፣ ግንቡ በ1875 ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። ካሜራው የሚያነሣው ሆልደርሊን ያላየውን ግድግዳ ነው፤ ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው።

ከዚያው አጠገብ ከፍ ብሎ ሽቲፍት አለ፤ በ1536 የተቋቋመ፣ ገዥው ቤተ ክርስቲያኑ ፕሮቴስታንት ሰባኪ እንዳያጣ በነጻ እያበላ፣ እያስተኛ የሚያስተምርበት ቤት። ዮሐንስ ኬፕለር በ1589 የገባው ቄስ ሊሆን ነው፤ ወጥቶ የፈለኮችን መንገድ አገኘ። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ በአንድ ዘመን ሄግል፣ ሆልደርሊንና ሼሊንግ አብረው ክፍል ተጋሩ። ሼሊንግ ሲገባ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሄግልን ደግሞ ጓደኞቹ «ሽማግሌው» ይሉት ነበር፤ ዕድሜው ሃያ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ። ከሦስቱ ቄስ ሆኖ የወጣ የለም። መንግሥት ለእህልና ለወይን ጠጅ ያወጣው ገንዘብ በታሰበለት ሥራ ላይ አልዋለም ማለት ነው፤ ኦዲተር ቢመረምረው ግኝት የሚሆን ነው። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ምስጢር ይኸው ነው። ሰዎች በአንድ ማድ ሲበሉ፣ በአንድ ክፍል ሲያንኮራፉና ሲከራከሩ ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ የሆነ ነገር ይወለዳል። ይህን የሚያሳይ ሐውልት የለም፤ የአንድ ክፍል ጭቅጭቅ በነሐስ አይቀረጽም። ጀልባው ላይ ግን ቢያንስ መስኮቶቹን መቁጠር፣ ከእነዚህ በአንዱ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

ቀና ሲሉ ኮረብታው ላይ የሆሄንቱቢንገን ግንብ ይታያል። ግንብ ሲባል ዙፋን የሚያስብ ሰው ይኖራል፤ እኔ የማስበው ወጥ ቤቱን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የግንቡ ወጥ ቤት የኬሚስቱ ሆፐ-ዛይለር ላቦራቶሪ ሆኖ ነበር። በ1869 ፍሪድሪኽ ሚሸር የሚባል ወጣት ስዊዛዊ ከቀዶ ሕክምና ክሊኒክ የተጣለ መግል የነካው የቁስል ጨርቅ እያስመጣ፣ እያጠበ፣ ከመግሉ ሕዋሳት አስኳል ውስጥ እስከዚያ ማንም የማያውቀው ነገር አወጣ፤ «ኑክሊን» አለው። ዛሬ ልጅ የማን ነው ተብሎ ፍርድ ቤት የሚኬድበት ዲ.ኤን.ኤ. ማለት ነው። መምህሩ ውጤቱን ሲያይ እልል አላለም፤ ራሴ ደግሜ ካልሠራሁት አላምንም ብሎ ጽሑፉን አቆየው፤ እስከ 1871 ሳይታተም ቀረ። የዘር ሐረጋችን ምስጢር ከመጣያ ጨርቅ፣ በቀድሞ ወጥ ቤት፣ በማያምን አለቃ ሥር ተገኘ። ለዚህ ሁሉ ጓሮ ከማለት ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

አሁን ተቃውሞውን እንስማ። የመጀመሪያው ተቃዋሚ እግረኛው ነው። «ከጀልባ ላይ ሆነህ የቤቱን ውጭ እንጂ ውስጡን አታይም፤ መጽሐፍ ቤቱ፣ ትልልቆቹ ክሊኒኮች፣ ዛሬ የሳይንስ ሥራ የሚሠራባቸው ሕንጻዎች ሁሉ ከወንዙ ርቀው ናቸው፤ መራመድ ደግሞ ነጻ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው የሚሠራው ከኮረብታው ማዶ በኮንክሪት ሕንጻዎች ውስጥ ነው፤ ጀልባም እዚያ አይወጣም። ነገር ግን እግረኛው በመንገድ ላይ የሚያገኘው ምን እንደሆነ እንጠይቀው። የሚያገኘው በየቤቱ የተለጠፈ ስም ነው። ጎተ በ1797 በመጽሐፍ አሳታሚው ኮታ ቤት ለጥቂት ቀናት አረፈ፤ ግድግዳው ላይ «ጎተ እዚህ ኖረ» የሚል ተለጥፏል። የአጎራባቹ ቤት ተማሪዎች ይህን ጉራ አይተው «ጎተ እዚህ አስታወከ» የሚል የራሳቸውን ለጠፉ። ሁለተኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው ያነሰ ምሁራዊ ነው የሚል ካለ አልስማማም፤ ታሪክ እንዴት በሰሌዳ እንደሚሠራ ከዚያ በተሻለ ያስረዳ ንግግር ብዙ የለም። ተማሪዎቹም ሳሎኑን በጓሮ ዓይን ነው ያዩት። እግረኛው በአንዱ ሰሌዳ ፊት ፎቶ ተነሥቶ በሌላው ይስቃል፤ ከዚያ አይስክሬም ይገዛል። ይሂድ፤ አልከለክለውም። የምለው መጀመሪያ በጀልባ ይዙር፣ ከዚያ ይራመድ ነው፤ ጓሮውን አይቶ ሳሎን የገባ እንግዳ በጌጥ አይታለልም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ይከብዳል። ወንዝ ሁሉን ያስውባል፣ የውሃ ላይ ነጸብራቅ ወንጀል አያሳይም ይላል። ዩኒቨርሲቲው በተቋቋመበት በዚያው በ1477 ኤበርሃርድ አይሁድ ከቱቢንገን እንዲወጡ አድርጓል፤ መምህራንን ያስገባው ገዥ ጎረቤቶቻቸውን አስወጣ። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ከወንዙ ብዙም በማይርቀው በጋርተን መንገድ የነበረው ምኩራብ በኅዳር 1938 ሌሊት ተቃጠለ፤ ዛሬ በቦታው መታሰቢያ አለ። ይህን ዘንገኛው ካልነገረን ጀልባው አያሳየንም። በዚህ ላይ ለመከራከር አልሞክርም፤ ሮዝ ግድግዳ እያዩ ይህን ማስታወስ የተሳፋሪው የራሱ ግዴታ ነው። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ዛፎቹ መካከል፣ ጀልባው በሚዞረው በዚያው ደሴት ላይ፣ የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ኃላፊ የነበረው የፍሪድሪኽ ዚልኸር የድንጋይ ሐውልት አለ። በናዚ ዘመን፣ በ1941 የቆመ ነው። ከፊት ሲታይ ዜማ የሚደርስ ደግ አዛውንት ነው፤ ከጀርባው ሲዞሩ የወታደር ምስሎች ተቀርጸውበታል። የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢውን ለጦርነቱ እንዴት እንደመለመሉት የሚታየው ከኋላ ነው። ዛፍ ብቻ ወደሚያይበት ረድፍ የተመደበው ምስኪን ተሳፋሪ እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አልተበደለም፤ ወርዶ ሐውልቱን በእግሩ ቢዞረው ካሳውን ያገኛል።

ሦስተኛው ተቃዋሚ የአገሬ ሰው ነው። «ይሁን፤ ለእኛ ግን ምናችን ነው?» ይላል። ምናችን እንደሆነ ልንገረው። በዘመናዊው ዓለም የግእዝን ሰዋስው በሥርዓቱ ያዋቀረው አውጉስት ዲልማን የቩርተምበርግ ልጅ ነው፤ የተማረውም፣ ማስተማር የጀመረውም በዚህች ከተማ ነው። በ1840ዎቹ ወደ ፓሪስ፣ ለንደንና ኦክስፎርድ ሄዶ የኢትዮጵያን ብራናዎች ሲያገላብጥ ከረመ። የግእዙን መጽሐፈ ሄኖክ በ1851፣ ሰዋስውን በ1857፣ ትልቁን የግእዝ መዝገበ ቃላት በላቲን ፍቺ በ1865 አሳተመ። ኢትዮጵያን ግን ረግጦ አያውቅም። ኤኖ ሊትማን በበኩሉ ረግጧታል፤ በ1906 የጀርመንን የአክሱም ጉዞ መርቶ ሐውልቶቹንና ጽሑፎቹን መዘገበ፤ ከ1921 ጀምሮ ቱቢንገን አስተማረ፤ በ1958 ያረፈውም እዚያው ነው። ሳሎናችን ስለ እነዚህ ሰዎች ሲያወራ ወይ «ግእዛችንን ያስተማሩን ፈረንጆች» ይላል፣ ወይ «ብራናችንን የወሰዱ» ይላል። ሁለቱም ጓሮውን አላዩም። የዲልማን መዝገበ ቃላት የቆመው ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ዓይናቸው እስኪፈዝ በገለበጡ ደብተራዎች ትከሻ ላይ ነው፤ ስማቸው በሽፋኑ ላይ የለም። ሄኖክን ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው የእነሱ ጥንቃቄ እንጂ የማንም ሙዚየም አይደለም። የዲልማንም ድካም በዚያ የሚቀንስ አይደለም፤ በሻማ ብርሃን የማይናገሩትን ቋንቋ ግስ መደርደር ቀላል አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ያውቀዋል። የሁለቱን ጓሮዎች ድካም ባንድ ላይ ያየ ብቻ ነው ሂሳቡን በትክክል የሚያወራርደው።

የመጨረሻው ተቃዋሚ ደግሞ «ይህ ጀልባ የቱሪስት ጨዋታ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ታሪክ ጋር ምን አገናኘው?» ባይ ነው። ያገናኘዋል፤ ያውም በማያኮራ መንገድ። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ በዚህ ወንዝ የሚወርደው የጥቁሩ ደን እንጨት ነበር። ግንዱን እንደ ሰንሰለት አያይዘው የሚነዱ እንጨት ነጂዎች በከተማዋ ሥር ሲያልፉ፣ ተማሪዎቹ ከድልድዩና ከመስኮቱ ሆነው «ያዝ እንጂ፣ ፍሬን!» እያሉ በነጂዎቹ ገጠሬ ቋንቋ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ነጂዎቹም ከታች ለመጽሐፍ የማይመች መልስ ይመልሱላቸው ነበር። ባቡር መጣ፣ ግንዱም በሐዲድ ሄደ፣ የሚሰደብ ሰው ጠፋ። ዛሬ በዚያው ውሃ ላይ ዘንግ ይዞ ላቡን የሚያንጠፈጥፈው ብዙውን ጊዜ ተማሪው ራሱ ነው፤ የክፍል ኪራዩን ለመሸፈን። ወንዙ ወረፋ አዘዋወረ ማለት ነው።

ከ1956 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ በካቶሊኮች የሥጋ ወደሙ በዓል፣ በሰኔ ወይም በግንቦት ኀሙስ፣ የዘንግ ጀልባ ውድድር አለ። የተማሪ ማኅበራት እያጌጡ፣ አንዳንዱ እንደ ቫይኪንግ አንዳንዱ እንደ መነኩሴ ለብሶ ደሴቱን ይዞራል። የድልድዩ ምሰሶ አጠገብ መንገዱ ስለሚጠብ ሁሉም እዚያ ይደርስና ጀልባ በጀልባ ላይ ይቆለፋል፤ ዘንግ ይሰበራል፣ ሰው ይወድቃል፣ ዳር የቆመው ሕዝብ ያጨበጭባል። በመጽሐፍ ቤት ውስጥ በእግሩ ጫፍ የሚራመደው የሕግ ተማሪ እዚያ ቦታ ላይ ሲጮህ ያየ ሰው፣ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ከምርቃት በዓሉ ይልቅ ብዙ ይማራል። አሸናፊው የሚያገኘው ቢራ ነው። ሽልማቱን ብዙም የሚያስታውስ የለም፤ የሚፈራው ቅጣቱ ነው። መጨረሻ የወጣው ቡድን እያንዳንዱ አባል በሕዝብ ፊት ግማሽ ሊትር የዓሣ ዘይት ይጠጣል። ጉሮሮውን ከጠረገ በኋላም ነጻ አይወጣም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ውድድር የማዘጋጀቱ ሥራ በዚያው ቡድን ላይ ይወድቃል፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ የኮሚቴ ስብሰባ የገባ ሰው ያ ሁሉ ጀልባ ለምን እንደዚያ ተጋፍቶ እንደሚሮጥ አይጠይቅም።